ድርሰት ነው ተባለ

ስለዚያ ሥልጠና ደግ ደጉን እንዳወራላቸው የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። «በደርግ ጊዜ ለአስተማሪ የድርሰት ትምህርት ይሰጥ ነበር አሉ፤ የታደላችሁ!» ይሉኛል። እኔ ግን ነገሩ በተነሳ ቁጥር አፌን ምራቅ ይሞላዋል፤ ሊያስመልስ ሲል የሚመጣው ዓይነት ምራቅ። ዕድሜ ያበርደዋል ብዬ ነበር፤ አላበረደውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥተን ጥቂት ዓመት ያስተማርን፣ «የመጻፍ ዝንባሌ አላቸው» ተብለን ከየወረዳው የተመለመልን ሠላሳ የምንሆን ሰዎች ነበርን። ስሙ «ከፍተኛ የድርሰት ሥልጠና» ነው። ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ መካነ ሰላም ተሰብስበን እንማራለን። ጥር ላይ በሴሚስተር ዕረፍት እንደገና እንገናኛለን። በመሀሉ እያንዳንዳችን በየገጠራችን ኩራዝ አብርተን እየጻፍን ለአሠልጣኙ በፖስታ እንልካለን፤ እሱ አርሞ ይመልሳል። ይህን እስከ መጨረሻው የዘለቀ የምስክር ወረቀት ያገኛል፣ ዝውውርም ይፈቀድለታል ተባለ። እኔ የማስተምረው ከላላ ነበር፤ የፈለግኩትም ዝውውሩን ነው፣ አልዋሽም። ደሴ የሚያስገባኝ ከሆነ ድርሰት ቀርቶ ጫማ መስፋትም እማር ነበር።

መካነ ሰላም የደረስኩት ግማሹን በበቅሎ፣ ግማሹን በእግሬ፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ለብሼ ነው። ሴት እኔ ብቻ ስለነበርኩ የትምህርት ቤቱን የሳይንስ ክፍል ለብቻዬ ሰጡኝ። እንደ ክብር ቆጥረውት ነበር። መደርደሪያው ላይ በብልቃጥ ውስጥ የተቀመጠች እንቁራሪት ነበረች፤ መድኃኒቱ ጎድሎ ጀርባዋ ከፈሳሹ ወጥቶ ደርቋል፣ ሆዷ ግን አሁንም ይዋኛል። ሽታዋ ነጠላዬ ውስጥ ገብቶ ቤቴ ከተመለስኩ በኋላ እንኳ በሁለት አጠባ አልለቀቀም። ወንዶቹ ዴስክ እየገጣጠሙ በሁለት ክፍል ይተኛሉ። ጠዋት በሩ ሲከፈት የረጠበ ጋቢ፣ የእግርና የጠላ ግሳት አንድ ላይ ገፍቶ ይወጣል። ወጥ ቤት ያለችው ሴትዮ ሽሮው ውስጥ ነቀዝ አየሁ ስላት «ሥጋ ነው፣ ምን አስጣለሽ» ትላለች። ስቃ አይደለም የምትለው።

አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። ቁንጫ ስለሚፈራ የአልጋውን አራት እግር ነጭ ጋዝ የተሞላ ጣሳ ውስጥ አቁሞ ነበር የሚተኛው። ቀኑን ሙሉ የክብሪት እንጨት ያኝካል። ወረቀት ሊገልጥ ሲል አውራ ጣቱን ልሶ ነው፤ ስለዚህ ሁላችንም ሌት ተቀን የለፋንበት ጽሑፍ በየገጹ ጥግ የሱን ምራቅ ይዞ ይመለስልናል። እኔ የራሴን ወረቀት በሁለት ጣቴ ጫፍ እይዘው ነበር።

ደደብ ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ! ግን አልነበረም። ማንበብ ያውቃል። «ቤት ነበረ አትበሉኝ» ይላል፤ «በሩ ወዴት ይዞራል? ደጁ ላይ ምን ዛፍ አለ? ሰውየው የትኛውን እግሩን ነው የሚያነክሰው? ዝርዝር ስጡኝ። ዝርዝር የሌለው ድርሰት ስብከት ነው።» ልክ ነበር። እኔ እስከ ዛሬ የምጽፈው እሱ ባስተማረኝ መንገድ መሆኑ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ።

ዝርዝሩን ከሰጠነው በኋላ ደግሞ «ትክክለኛ አቅጣጫ» ይፈልጋል። ባሏ ስለሞተባትና በሬ ጠምዳ ራሷ ማረስ ስለጀመረች ሴት ጽፌ ነበር። መንደሩ ሁሉ ያያታል፣ ያማታል፣ እርፍ የጨበጠች ሴት ዝናብ ታስቀራለች ይላል፤ እሷ ግን ታርሳለች። ጥሩ ጽሑፍ ነበር፤ ዛሬም እላለሁ። አሠልጣኙ ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ትራክተር አስገቢበት» ብሎ ጻፈ። ከላላ ትራክተር! ያንን ገደል በምን ሊወጣው ነው? አስገባሁበት። ትራክተሩ ከየት መጣ ሳይባል መጣ፣ ሴትየዋም እልል አለች። ሳነበው የሷ ፊት ላይ የተፋሁባት መሰለኝ።

የክፍሉ አሠራር ሂስና ግለ ሂስ ነው። አንዱ ድርሰቱን ያነባል፤ አንብቦ ሲያበቃ አፉን ዘግቶ ይቀመጣል። ሌሎቻችን በየተራ እየተነሳን ጉድለቱን እንነግረዋለን፤ ጉድለት አላየሁም ማለት አይፈቀድም። በመጨረሻ ደራሲው ይነሳና ራሱን በራሱ ይወቅሳል። ይህንን ሁላችንም ከቀበሌና ከትምህርት ቤት ስብሰባ ተምረነዋል፤ መላው አይጠፋንም። ትንሽ፣ የማትጎዳ ጥፋት ትመርጣለህ፤ «ንቃቴ ዝቅ ያለ ስለነበር» ትላለህ፤ ትቀመጣለህ። አሠልጣኙ «ከልብ ያልሆነ ግለ ሂስ ዋጋ የለውም» እያለ ቢጮህም ከቁም ነገር የቆጠረው የለም። እኔ ተራዬ ሲደርስ «ትራክተሩን በመዘንጋቴ ራሴን እወቅሳለሁ» አልኩና ተቀመጥኩ። አጨበጨቡልኝ። ትዳርና ልጆች ያሉት ትልቅ ሰው በውሸት ሲናዘዝና በውሸት ሲያጨበጭብ መዋሉ ያንገፈግፈኝ ነበር፤ በተለይ አንዳንዶቹ ሲጥማቸው ሳይ።

አንድ ሰው ብቻ ጨዋታውን አያውቀውም ነበር። ከወግዲ የመጣ ነው። ዲያቆን ነበር፤ ዓመታት ቅኔ ቤት ከርሞ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አስተማሪ ሲጠፋ መንደሩን ፊደል እያስቆጠረ ቆይቶ፣ ከዚያ ማሠልጠኛ የገባ ሰው። ትምህርት ቤቱ ከወግዲም ወዲያ ገደል አፋፍ ላይ ስለሆነ የስብሰባ ወግ ብዙም አልደረሰበትም። ራስን መውቀስ የሚባለውን ነገር የሚያውቀው ከአንድ ቦታ ነው፤ ከነፍስ አባቱ ፊት። እዚያ ደግሞ ግማሹን ተናግሮ ግማሹን ማስቀረት አይቻልም።

እሱን ወድጄዋለሁ። እዚያ ግቢ ውስጥ ሳላፍርበት አብሬው የምቀመጥ ሰው እሱ ነበር። ከቤቱ ያመጣውን ቆሎ መጀመሪያ ለኔ ያዘግናል፤ «እታለም» ይለኛል። ዐረፍተ ነገሩን ከመጻፉ በፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለራሱ ይለዋል፤ ካልጣመው አይጽፈውም።

ድርሰቱን ያነበበው ዝናቡ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት ከሰዓት ነው። ታሪኩ ስለ አንድ ቄሰ ገበዝ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ ስለሚይዙ፣ በግራ እግራቸው ስለሚያነክሱ ሽማግሌ ቄስ። ብሔራዊ ውትድርና ታናሽ ልጃቸውን እንዳይወስድባቸው በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት ከከበሮዎቹ ጀርባ ይደብቁታል። ደጁ ላይ መብረቅ ለሁለት የሰነጠቃት ወይራ አለች። ጣሪያው ያፈሳል። ጠብታው ከበሮው ላይ ሲያርፍ ድምፅ እንዳይሰማ ልጁ መዳፉን ቆዳው ላይ ዘርግቶ ያድራል። ይህችን ሲያነብ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። አሠልጣኙም ክብሪቱን ማኘክ አቆመ።

ከዚያ ሂሱ ተጀመረ። አንዱ ቤተ ክርስቲያን የጀግና መጠጊያ መሆን የለበትም አለ። ሌላው አባትየው አሉታዊ ገጸ ባሕርይ ናቸው፣ መታረም አለባቸው አለ። በመጨረሻ ከኩታበር የመጣው አስተማሪ ተነሳ። የኩታበሩ ብዙ ያነበበ፣ ምላሱ የሚቆርጥ፣ በሰው ጽሑፍ ላይ ቀዳዳ ሲያገኝ ፊቱ የሚፈካ ሰው ነው።

«አያሳምንም» አለ። «ከበሮ በየበዓሉ ይወጣል። ዲያቆናቱ ሲገቡ ሲወጡ ልጁ የት ሄዶ ነው ይህን ሁሉ ወር የማይታየው? ደራሲው አላሰበበትም። ባጭሩ ውሸት ነው።»

የወግዲው ተነሳ። እጁን ደረቱ ላይ አጣመረ፤ አንገቱን ደፋ።

«ጥፋቴን እናገራለሁ» አለ። «ውሸት አይደለም። የበዓል ዋዜማ አባታችን ወደ ቤተ ልሔሙ ያሻግሩታል፤ ኅብስቱ ከሚዘጋጅበት ቤት። በዓሉ ሲያልፍ ይመልሱታል። የዕቃ ቤቱ በር ወደ ገደሉ ስለሚዞር የሚያየው የለም፤ ከሦስታችን በቀር የሚያውቅም የለም። አንዱ ጥፋቴ ይህንን አለመጻፌ ነው። ሁለተኛው ጥፋቴ የገዛ ወንድሜን እንደ ባዳ አድርጌ መጻፌ ነው።»

ይህን ብሎ አልተቀመጠም። አንገቱን እንደደፋ ቆሞ ቀረ። ምን እንደሚጠብቅ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ «እግዚአብሔር ይፍታህ» የሚለውን ሰው ነበር የሚጠብቀው።

ከውትድርና የሸሸ ልጅ የደበቀ ምን እንደሚደርስበት ለማናችንም አስረጂ አያስፈልገንም ነበር። አባትየው ይታሰራሉ፤ ልጁ ይታፈስና ወደ ሰሜን ይላካል፤ ከዚያ የሚመለስ ስንቱ ነው? ሰምቶ ያልተናገረም ተጠያቂ ነው። አሠልጣኙ ክብሪቱን ከአፉ አወጣና ዙሪያውን ሁላችንንም አየን።

«ጓዶች፣ እዚህ የሰማነው ድርሰት ነው» አለ። «ድርሰት ነው። ከዚህ ክፍል አይወጣም።»

ስንወጣ የኩታበሩ የወግዲውን ክንድ ያዘ። ፊቱ አመድ መስሏል። «አንተ ሰው፣ እኔ እኮ ስለ ድርሰቱ ነው የተናገርኩት። ወላሂ፣ ከኔ አፍ አይወጣም» አለው። አልወጣምም። ከማንም አፍ አላመለጠም። እንደዚያ ስጸየፋቸው የነበሩ ሰዎች፣ ለአንዲት የሻይ ግብዣ ሰው የሚያሙ፣ ያንን ነገር ሁሉም ዋጡት። ያን ጊዜ አፍሬባቸው የነበረውን ያህል ኮራሁባቸው።

የወግዲውን ከጣሪያው ጠፈጠፍ ሥር አገኘሁት። «አብደሃል?» አልኩት።

«ከልብ ካልሆነ ዋጋ የለውም ሲል አልሰማሽውም?»

«እሱ የሚለውን ሁሉ ታምናለህ እንዴ? በል ልጁን ከዚያ አውጡት።»

«ወዴት እናውጣው?»

«ከላላ። አክስቴ ዘንድ። ሩቅ ናት፣ ብቻዋን ናት፣ የባሌ ዘመድ ነው ትላለች። የሚጠይቃት የለም።»

«በወግዲና በከላላ መሀል ያለው ወንዝ ሞልቷል እታለም። አሁን ላሻግር ብል ውሃ ነው የሚወስድብኝ። መስከረም ይጥባ፣ ውሃው ይጉደል፤ ከመስቀል ማግስት ራሴ ይዤልሽ እመጣለሁ።»

ተስማማን። ሌላ ምን ይደረጋል? ወንዙ ወንዝ ነው።

ልንበተን ስንል አሠልጣኙ ጠራውና ድርሰቱን ጠየቀው፤ በደንብ ላርምልህ አለ። ሲሰጠው አየሁት። ሮጬ ሄጄ «ምነው ሰጠኸው?» ብለው ሳቀብኝ። «ኸይር ነው እታለም፤ ድርሰት ነው ብሏል እኮ ሰውየው።» ያቺን ድርሰት ደግሞ እንደ ልጁ ነበር የሚወዳት፤ አዲስ አበባ የኖረ ሰው ሊያርምልኝ ነው ብሎ ደስታው በፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ይህ ያሳዝነኛል እንጂ አያናድደኝም። ጽሑፉ ሲወደድለት ደስ የማይለው ማን አለ?

ከላላ እንደተመለስኩ ለአክስቴ ነገርኳት። አልጠየቀችኝም፤ ቆጡን ጠረገች፣ ቁርበት አነጠፈች፣ «ምን ይበላል ልጁ?» አለች ብቻ። ከአሠልጣኙም ወረቀቴ በፖስታ መጣ፤ ባለ ትራክተሩን ድርሰት ነው። ጥጉ ላይ የጣቱ አሻራ አለ፤ ከታች «ተሻሽሏል» ይላል። ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

መስከረም ገባ። የአብዮት በዓል ሊከበር ስለሆነ በአውራጃው ያለን መምህራን ሁሉ መካነ ሰላም እንድንገኝ ታዘዝን። መስቀል ገና አልደረሰም፤ ወንዙም አልጎደለም። ሰልፉን ተሰልፈን፣ መፈክሩን አሰምተን፣ ከሰዓት በኋላ በሸራ በተጋረደ ሜዳ ላይ የኪነት ቡድኑ ትርኢት ሊያሳየን አግዳሚ ላይ ተደረደርን። ከፊት ባለሥልጣናቱ፣ ከኋላቸው እኛ፣ ከኛ ኋላ በጭነት መኪናና በእግር የመጡ ገበሬዎች። የወግዲው ከኔ ጥቂት ረድፍ ቀድሞ ተቀምጧል። ዞሮ አየኝና አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠኝ።

አንድ ልጅ ካኪ ለብሶ ወጣና «አሁን ቲያትር እናቀርባለን» አለ። ድርሰትና ዝግጅት ብሎ የአሠልጣኙን ስም ጠራ። መጋረጃው ተገለጠ።

መጀመሪያ ያየሁት ወይራዋን ነው። አንሶላ ላይ በቀለም ተሥላለች፤ መሀሏ ለሁለት ተሰንጥቋል። ከጀርባዋ በሩ ወደ ገደል የሚዞር ዕቃ ቤት። ከበሮዎች። አንድ ቄስ በግራ እግራቸው እያነከሱ ገቡ። የቤተ ክርስቲያኑ ስም ተለውጧል፤ የትም የሌለ ታቦት ስም ሰጥቶታል፤ በዚህ ጥንቃቄ አድርጌያለሁ ብሎ ሳይሆን አይቀርም። ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትቶታል። የበዓል ዋዜማ ወደ ቤተ ልሔም መሻገሩንም አስገብቶታል፤ ያ እኮ በወረቀቱ ላይ አልነበረም፤ ከወግዲው አፍ በግለ ሂስ የሰማነው ነው። መጨረሻው ብቻ የራሱ ነው። ልጁ እያለቀሰ ከዕቃ ቤቱ ይወጣል፤ አባትየው ንቃታቸው ዳብሮ ራሳቸው ያስረክቡታል፤ ልጁም ዕንባውን ጠርጎ ለእናት አገሩ ይዘምታል።

መጨረሻው እስኪደርስ አልተጠበቀም። ከኋላ ከገበሬዎቹ መሀል አንድ ሽማግሌ ደስ ብሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ኸረ ተመልከቱ፣ ይቺ ወይራ የኛይቱ አይደለችም እንዴ! ቄሰ ገበዙንም ቁርጥ አድርገው አመጧቸው!» አሉ። አጠገባቸው ያሉት ሳቁ። አገራቸው ቲያትር ሆኖ ስላዩ ነው የሳቁት፤ ክፋት የለበትም። ከፊት ረድፍ አንድ ባለሥልጣን አንገቱን አዙሮ ሽማግሌውን አያቸው። ከዚያ አጠገቡ ላለው ሰው አንድ ነገር ነገረው፤ ሰውየው ተነስቶ ወጣ።

የወግዲው ተነሳ። በሰው መሀል እየተጋፋ ሲያልፍ በጎኔ ነበር የሄደው፤ አላየኝም። ከሜዳው ሲወጣ መሮጥ ጀመረ። እሱ በእግሩ ነው፤ ትእዛዙ ግን በመገናኛ ሬዲዮ ነው የሄደው። ሲደርስ ዕቃ ቤቱ ተከፍቶ አገኘው።

ይህንን የሰማሁት ከላላ ገበያ ላይ ነው። ልጁን ማሠልጠኛ አስገቡት፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ተላከ ተባለ፤ ከዚያ ምንም አልተባለም። አባትየውን ለጥቂት ጊዜ አስረው ለቀቋቸው፤ ነገር ግን ወታደር ከነጫማው ንዋያተ ቅድሳቱን ረግጦ ስለገባ ደብሩ ቁልፉን ከእጃቸው ተቀበላቸው። ዕድሜ ልካቸውን የያዙት ቁልፍ ነው። አክስቴ ቆጡ ላይ ያነጠፈችውን ቁርበት ለብዙ ጊዜ አላነሳችውም።

አሠልጣኙን እንደ ጠቋሚ አድርጌ ብጠላው ይቀለኝ ነበር። ጠቋሚ ግን አልነበረም። ለካድሬ አልተናገረም፣ አላሰበውምም። ወይራዋን መጣል አልሆነለትም፤ ያ ነው። ያቺን ያህል ያማረች ዝርዝር እጁ ከገባች በኋላ በሌላ ዛፍ መለወጥ አልቻለም። ሠላሳ አስተማሪ አፉን የዘጋበትን ነገር እሱ ለጭብጨባ ሸጠው፤ ደግሞም እንደ ጥፋት አልቆጠረውም። ከዚህ የበለጠ የሚያቅለሸልሽ ነገር በሕይወቴ አላየሁም፤ ብዙ ነገር አይቻለሁ።

ጥር ላይ ተመልሰን ተሰበሰብን። ለምን ሄድሽ ይሉኛል። መቅረት አይቻልም ነበር፤ የቀረ ምክንያቱን በጽሑፍ ለአውራጃው ያስረዳል። የወግዲውም መጣ። ከስቷል። ቆሎ አልያዘም። ሰላምታ ስሰጠው መለሰልኝ፤ ከዚያ ወዲያ የተናገርነው ነገር የለም፤ እኔም ምን ብዬ እጀምራለሁ?

አሠልጣኙ ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ። ቲያትሩ ደሴ ቀርቦ ተሸልሟል። ለሁላችንም አባዝቶ አደለንና «ዛሬ የኔን ሥራ ነው የምንገመግመው» አለ። «አሠልጣኝም ከሂስ በላይ አይደለም። አትፍሩኝ።» ወንበሩን ወደኋላ ገፍቶ ክብሪቱን አፉ ውስጥ ከተተና ተመቻቸ።

አንዳንዶቹ ተነስተው አደነቁ፤ ዓይናቸው መሬት መሬት እያየ። የኩታበሩ ተራ ሲደርስ ክፍሉ ሁሉ ወደሱ ዞረ። ያ ሁሉ ምላስ የነበረው ሰው ከመቀመጫው እንኳ ሳይነሳ «ሂስ የለኝም» አለ።

የኔ ተራ ደረሰ። ተነሳሁ። ብዙ አስቤ ነበር የመጣሁት፤ አንዱም አልመጣልኝም።

«ያስጠላል» አልኩ።

አሠልጣኙ ፈገግ አለ። «ጓድ፣ ያስጠላል ማለት ሂስ አይደለም። ዝርዝሩን ተናገሪ።»

«ሁሉም ያስጠላል» አልኩና ተቀመጥኩ።

መጨረሻ ላይ የወግዲው ተነሳ። ወረቀቱን አልያዘም። እጁን አላጣመረም፣ አንገቱንም አልደፋም፤ አሠልጣኙን ቀጥ ብሎ ነው ያየው። ድምፁ እንደ ድሮው ዝግ ያለ ነው።

«አንድ ስህተት አለበት» አለ። «ልጁ ከዕቃ ቤቱ ሲወጣ አለቀሰ ይላል። አላለቀሰም፤ አባታችን ነግረውኛል።»

«እህ?» አለ አሠልጣኙ።

«ሲያወጡት አባታችንን አያቸውና “ማን ነገራቸው?” ብሎ ጠየቀ።»

አሠልጣኙ ክብሪቱን ከአፉ አወጣ። ወንበሩን ወደፊት አስጠጋ። ያ የማንበብ ፊቱ መጣ፤ ጥሩ ነገር ሲያገኝ የሚመጣው፣ ተማሪ ሳለሁ ለኔም እንዲመጣልኝ የተመኘሁት ፊት።

«አባትህስ? ምን አሉት?»

«“ወንድምህ” አሉት።»

የኩታበሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ውጭ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ጩኸታቸው ይሰማል። አሠልጣኙ አንድ ነገር የሚል መስሎኝ ነበር፤ ይቅርታ ባይል እንኳ ዝም ይላል ብዬ ነበር። እሱ ግን የእስክሪብቶውን ክዳን በጥርሱ ነቀለ።

«ይኼማ ከኔ መጨረሻ ይበልጣል» አለ፤ ወረቀት እየፈለገ። አውራ ጣቱን ልሶ አንድ ንጹሕ ገጽ ገለጠ። «እስቲ ድገምልኝ፤ አባትህ ያሉትን፣ ቃል በቃል።»

የወግዲው ደገመለት።